ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሰው

በእኛ ሰፈር ድግስ ደግሶ፣ "የሚያግዘኝ ሞልቷል" ብሎ ጎረቤት ሳይጠራ የቀረ ሰው ሲኖር፣ በድግሱ ማለዳ ብቻውን ድንኳን ሲወጥር፣ ውሃ ሲቀዳ፣ የጠፋ በግ ሲያሯሩጥ ይታያል። ያኔ ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያዩና አንዲት ነገር ይላሉ። መኪናው ቆሞበት "አሁን ይመጡልኛል" እያለ ሲገፋ ለሚውል ሰውም ያችው ትባልለታለች። አሁን አሁንማ ደሴ ውስጥ ማንም ይላታል። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ አውቃለሁ፤ ስትወለድ ቆሜ ሰምቻለሁና። የምኮራበት ነገር አይደለም።

ሥራዬ ሶፋ ማልበስ ነው። የእኔን ቤትና የአራጋውን የእንጨት ሥራ ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። በቆርቆሮ ግድግዳ ምስጢር አይያዝም፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ "ይማርህ" እላለሁ፣ እኔ መዶሻ ጣቴ ላይ ሲያርፍ እሱ ይስቃል። አራጋው በር ሠሪ ነው። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ አንዲት ልጁም አግብታ አዳማ ናት። እንድሪስ የሚባል የሥራ ጓደኛ ነበረው። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሠሩ።

እንግዲህ ስለ ማሽኑ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ራውተር ይሉታል። ጫፉ ላይ ቢላ ያለው ሞተር ነው፤ ቢላው እየተሽከረከረ የጣውላ ጠርዝ ይቀርጻል፣ ቦይ ያወጣል። በእጅ ይዘው ይሠሩበታል፤ በር የሚሠራ ሰው ግን ገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር ያንጠለጥለዋል። ጠረጴዛው መሀሉ ላይ ይበሳል፣ ቢላው ብቻ በቀዳዳው ብቅ ይላል፣ ጣውላውን በላዩ ላይ እየገፉ ማሳለፍ ነው። ጣጣው ያለው ከፍታው ላይ ነው። ግማሽ ሚሊ ከተሳሳተ የአንዱ ጣውላ ምላስ የሌላው ቦይ ውስጥ አይገባም፤ ወይም ገብቶ ይንቀጫቀጫል። ይህን ከፍታ ከላይ ሆነው በቁልፍ የሚያስተካክሉበት መሣሪያ አለ፤ ሊፍት ነው ስሙ። እነአራጋው ሊፍት አልነበራቸውም። እንድሪስ ነበራቸው።

እንድሪስ ጆንያ አንጥፎ ከጠረጴዛው ሥር ይቀመጣል፤ ሞተሩን የሚይዘውን ቪት፣ ብሎኑን፣ የሚያዞር እሱ ነው። አራጋው ከላይ ስኳድራውን፣ ያንን ባለ ማዕዘን መለኪያ፣ አቁሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል።

"ከፍ" ይላል አራጋው።

"ከፍ" ይላል ከሥር ያለው ድምፅ።

"ቆም። ፀጉር ታህል ዝቅ።"

"ዝቅ። በዚህስ?"

"አጥብቀው።"

ይህንን አሥራ ስምንት ዓመት ሰማሁ። አንዳንዴ ሶፋ ላይ ስፖንጅ እየለጠፍኩ እኔም ሳላስበው "አጥብቀው" እል ነበር። እንድሪስ ከመንበርከኩ ብዛት ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቶሎ ያልቅበታል። ቡናማ የሶፋ ቆዳ ቁራጭ ቆርጬ ሁለቱንም ጉልበት የጣፍኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በተጣፈ ጉልበቱ ከሩቅ ይታወቅ ነበር።

ምሳቸውንም ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። አራጋው ክርስቲያን ነው፣ እንድሪስ እስላም ነው፤ አገራችን ላይ ሥጋ አያገናኝም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ትቶ እንዳይበላ ምሳቸው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሽሮ፣ ምስርና ድንች ብቻ ነበር። አራጋው በፋሲካ ማግስት እንኳ ሽሮ ሲያዝ አይቼ፣ "ምነው አያ አራጋው፣ ጾሙ አልተፈታም?" ብዬ ቀልጄበት አውቃለሁ። "አንተ ብቻህን ምን ትበላለህ፣ እሱን ንገረኝ" አለኝ። ብቻዬን ቁርጥ እበላ ነበር።

የተጣሉት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ ሴት አዲስ የእንግዳ ማረፊያ እየሠሩ ነበርና የአሥራ አራት ክፍል በር ሊያዙ መጡ። ተሠርቶ የቆመ አንድ የዋንዛ በር አዩና በእጃቸው ዳበሱት።

"ይህን የመሰለ እጅ የማን ነው?" አሉ።

"የእኔ ነው" አለ አራጋው።

"እሳቸውስ?" አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ከጠረጴዛው ሥር ወደተቀመጠው ወደ እንድሪስ እያዩ።

አራጋው ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ትልቅ ሥራ ሊያዝ ነው፣ ሙገሳም ደርሶታል፣ ሰው ደግሞ ሲሞገስ አፉ ይፈታል። "እሱማ ከሥር ቪት ያዞርልኛል። ይሄ ማንም የሚሠራው ነው" አለ።

ሴትዮዋ አዘዙና ሄዱ። እንድሪስ ከሥር አልወጣም። ለጥቂት ጊዜ የቪት መፍታት ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ጠረጴዛው የአራጋው ነው፤ ማሽኑ ግን እንድሪስ በራሱ የገዛው ነበር። ፈታው፣ ከጆንያው ጋር በብብቱ ያዘው፣ ጉልበቱን አራገፈና ቆመ።

"እንግዲህ ያንን ማንም ፈልግና አስቀምጥ" አለው።

"እንድሪስ፣ ቀልድ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔም አልተቆጣሁም" አለ እንድሪስና ወጣ። ሆጤ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቶ ብቻውን መሥራት መጀመሩን በኋላ ሰማን። አራጋው ቤት የቀረው መሀሉ የተበሳ ጠረጴዛ ነበር።

ሽምግልና ልንቀመጥ አስበን ነበር። አራጋው እንቢ አለ። "እነዚህን አሥራ አራት በሮች በመስከረም ለብቻዬ አስረክቤ ካሳየሁ ነገሩ ያበቃል። ካላስረከብኩ ያኔ እኔው ራሴ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ" አለኝ። ነገሩ በዚያ ተቋጨ። እሱ ውርርድ የገባው ከማንም ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነበር፤ ከራስ ጋር የገቡት ውርርድ ደግሞ ዳኛ የለውም።

ማሽን ሊገዛ ፒያሳ ወደ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሲሄድ እኔም ምስማር ጨርሼ ነበርና አብረን ወረድን። ሐጂ ኑሩ ድሮ ራሳቸው አናጢ ነበሩ፤ ዕቃ ከመሸጣቸው በፊት ሰውዬውን ይመረምሩታል።

"በእጅ ልትሠራበት ነው ወይስ ከጠረጴዛ ሥር ልታንጠለጥለው?" አሉት።

"ከጠረጴዛ ሥር።"

"ሊፍት አለህ?"

"የለኝም።"

ሐጂ ኑሩ ሁለት ማሽን አወጡና ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። አንዱ ግዙፍ ነው፤ ሁለት እጀታ፣ ሁለት ሞላ ያለው፣ ሲያዩት ደስ የሚል ዕቃ። ሌላዋ መጠነኛ ናት፤ ከእሱ አጠገብ ስትቆም ታሳዝናለች።

"ይሄ ጉልበተኛ ነው" አሉ ትልቁን መታ እያደረጉ። "በእጅ ለሚሠራ ሰው ወደር የለውም። ተገልብጦ ሲንጠለጠል ግን ሞላው ወደታች ይገፋዋል፣ ክብደቱም ይጎትተዋል። አንድ ሰው ከሥር ሆኖ በአንድ እጁ ሽቅብ እየደገፈ በሌላው ማጥበቅ አለበት። ቢላ ለመቀየርም ጎንበስ ማለት ነው። ይቺ ደግሞ ጉልበቷ መካከለኛ ነው፤ እግሯ ላይ ግን ቀዳዳ አላት። ጠረጴዛህን በዚያው ልክ ትበሳና ከላይ ቁልፍ አስገብተህ ታዞራለህ። ትነሳለች፣ ትወርዳለች፣ ባቆምካት ቦታ ትቆማለች። ቢላዋንም ከላይ ሆነህ ትቀይራለህ። እንግዲህ ንገረኝ። ከሥር ሆኖ የሚያዞርልህ ሰው አለህ?"

አራጋው ትንሿን ማሽን ያዝ አደረጋት። ከዚያ ዘወር ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔ መኖሬ ነው ነገሩን ያበላሸው፤ እስካሁን እንደዚያ ይመስለኛል። ማንም ባይኖር ኖሮ ለሐጂ ኑሩ እውነቱን ይነግራቸው ነበር። ሰው ድህነቱን ይናገራል፣ ሕመሙን ይናገራል፤ "ሰው የለኝም" ማለት ግን ከአፍ አይወጣም፣ በተለይ የሚያውቅህ ሰው አጠገብህ ቆሞ።

"አለኝ" አለ አራጋው።

እኔ ዓይኔን ወደ ምስማሩ መለስኩ።

"እንግዲያው ትልቁን ውሰድ" አሉ ሐጂ ኑሩ።

አራጋው ግን ትንሿን አልለቀቃትም። ቁልፏን አስገባ፣ አዞረ፤ ያለ ድምፅ ተነሳች። አወረዳት፣ እንደገና አነሳት። "ለአንድ ሰው ነው የምጠይቅ" አለ። "ብቻውን የሚሠራ ሰው አውቃለሁ። ይቺ ትበቃዋለች?"

"ከበቂ በላይ። ትንሽ ትንሽ እየላገ ደጋግሞ ያሳልፋል እንጂ ባንድ ጊዜ አይጎርስባት። ብቻውን ከሆነ ሌላ ምን ይገዛል?"

"እነግረዋለሁ" አለ አራጋው። ቁልፏን መልሶ ቦታዋ ላይ አስቀመጣትና ትልቁን ገዛ። እኔም አንድ ጫፉን ይዤ ባጃጅ ውስጥ አስገባሁለት። በመንገድ ላይ ስለ ዝናቡ ብቻ አወራን።

በማግስቱ ማለዳ ከግድግዳው ወዲያ "ከፍ" ሲል ሰማሁት።

እጄ ላይ የነበረውን ስፖንጅ አስቀመጥኩ። እንድሪስ የተመለሰ መስሎኝ ነበር። መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ጉልበት መሬት ሲነካ፣ ሰው ሲያቃስት፣ ቪት ሲዞር ተሰማ። ከዚያ ተነሳ። ስኳድራው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። "ዝቅ" አለ። እንደገና ጉልበቱ መሬት ነካ።

አፉ ለምዶበት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት "ከፍ" ሲል የሚነሳ ነገር ነበረ። አሁን ከላይ ሆኖ ራሱን ያዝዛል፣ ወርዶ ራሱ ይታዘዛል፣ ወጥቶ ሲያይ ተሳስቷል። ከሥር ሆኖ ከፍታውን ማየት አይችልም፤ ከላይ ሆኖ ቪቱ ላይ አይደርስም። በአንድ እጁ ያንን ከባድ ሞተር ሽቅብ ሲደግፍ ሞላው ይገፋዋል፤ በሌላው ሲያጠብቅ ደግሞ ወረድ ይልበታል። እንድሪስ በአንድ ትንፋሽ ያደርገው የነበረው ለአራጋው ጧቱን ሙሉ ይፈጅበታል።

በየሦስት ቀኑ ሰጋቱራ ሊወስዱ የሚመጡ እትዬ ጦይባ የሚባሉ አሮጊት አሉ። የእንጨቱን ብናኝ በጆንያ እየጠቀጠቁ ለምድጃ ይሸጡታል፤ የእንጨት ቤቶችን ሁሉ ያዳርሳሉ፣ ሆጤም ድረስ ይሄዳሉ። ደፍ ላይ ተቀምጠው ጆንያቸውን ሲሞሉ አራጋው ሲወርድና ሲወጣ ያያሉ።

"አራጌ፣ ዛሬስ ስንት ጊዜ ሰገድክ?" ይሉታል።

"አልቆጠርኩም እትዬ ጦይባ።"

"ሰው አታስቀምጥም?"

"አለ። ይመጣል።"

ሰው ቢቀጥር ምን ነበረበት ትሉ ይሆናል። እንድሪስን "ማንም የሚሠራው ነው" ብሎ ያስኮረፈ ሰው፣ ያንን ማንም ፍለጋ በየበሩ ሲዞር መታየት አልፈለገም። እኔንስ ቢጠይቀኝ? አልጠየቀኝም። እኔም "ልምጣልህ?" አላልኩትም። ሐጂ ኑሩ ሱቅ ውስጥ "አለኝ" ሲል ሰምቻለሁና፣ ሄጄ ልርዳህ ብል ውሸቱን ፊቱ ላይ የምነግረው መሰለኝ። ይሉኝታ ይዞኝ ነው፤ ይሉኝታ ግን ለሰነፍ ሰው ጥሩ መደበቂያ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ትሪው እንደቀድሞው ይመጣል። አሁን ብቻውን ስለሆነ ያሻውን መብላት ይችል ነበር። ሽሮ ነበር የሚያዝዘው። አንድ ቀን በቆርቆሮው ግድግዳ ቀዳዳ ሳይ፣ ትሪው ላይ ከወዲያ በኩል ያለውን እንጀራ ሳይነካው ተነሳ።

በነሐሴ ወይዘሮ አልጋነሽ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያዩ መጡ። አራት በር አልቋል፤ ጥሩ በሮች ነበሩ። አራት ብቻ መሆናቸው ግን አላማራቸውም።

"ያ ከሥር ሆኖ የሚያዞርልህ ሰውዬ የት ሄደ?" አሉት።

"አለ። ዛሬ ወጣ ብሎ ነው።"

"እንግዲህ ተመልሶ ያግዝህ። እኔ በመስከረም እንግዳ አስገባለሁ።"

ከሄዱ በኋላ አራጋው ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጁን አድርጎ ብዙ ቆመ። ከዚያ ወጥቶ ሄደና የመኪና ክሪክ ይዞ ተመለሰ። ጎማ ሲቀየር መኪና የሚነሳበት ክሪክ። ከማሽኑ ሥር አቆመው፣ ዘንጉን አስረዝሞ ከጎን በኩል ብቅ አደረገው፣ ቆሞ ሲያዞረው ሞተሩ ተነሳለት። ድምፁን ሰምቼ ሄድኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት።

"አየህ" አለኝ፣ "ክሪክ አያኮርፍም።"

በሁለት ቀን ውስጥ የአምስት በር ጣውላ ቦይ አወጣ። እየለካ አላሳለፈም፤ ክሪኩን አምኖታል። ችግሩ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ክሪኩ ማንም ሳያየው ትንሽ ትንሽ እየወረደ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጣውላ ልክ ነበር፣ አሥረኛው አንድ ሚሊ ጎደለ፣ የመጨረሻው ሁለት። ሊገጣጥም ሲጀምር ነው የታወቀው። ከሥር ሰው ቢኖር ኖሮ መውረዱ በእጁ ይታወቀው ነበር፤ እንድሪስ ሞተሩ ሲለሰልስበት "ቆይ፣ ለቀቀ" እያለ ስንቴ ሲያስቆም ሰምቻለሁ። ክሪክ ይሸከማል እንጂ አይናገርም።

ያ ሁሉ ዋንዛ ለማገዶ ሆነ። ወይዘሮ አልጋነሽ ሰሙና ከአሥራ አራቱ ስምንቱን በር ለሌላ ሰጡ። ለማን እንደሰጡ አልጠየቅናቸውም።

በማግስቱ አራጋው ትልቁን ማሽን በካርቶኑ ከትቶ ወደ ሐጂ ኑሩ ወሰደው። ይሄን እኔ አላየሁም፤ ሐጂ ኑሩ ናቸው የነገሩኝ።

"በትንሿ ይቀይሩልኝ" አላቸው።

"ምነው፣ ሰውህስ?"

"የለም።"

"ሞተ እንዴ? አላህ ይርሐመው።"

"አልሞተም። የለም ነው የምልዎት። ያን ለትም አልነበረም።"

ሐጂ ኑሩ ብዙ ነጋዴ አይተዋል፣ ብዙ ውሸታምም አይተዋል። እንደዚያ ቀን ሰው ፊት ለፊቴ ሲያፍር ግን አላየሁም አሉኝ። "ልጄ" አሉት፣ "አንዲት ነበረች፤ አንተ በገዛህ በሳምንቱ አንድ ሰው ወሰዳት። እሱንም እንዳንተው ጠየቅሁት። 'አሮጌ ማሽን አለኝ፣ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከላይ ሆኖ የሚያይልኝ ሰው ነበረኝ፤ አሁን የለኝም። ለብቻ ሰው የሚሆን ስጡኝ' አለኝ። ቀጥ ብሎ ነው የነገረኝ። ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ቡናማ የሶፋ ቆዳ ተጥፎበታል።"

"ሌላ አይመጣም?" አለ አራጋው።

"ሲመጣ እልክብሃለሁ። መቼ እንደሚመጣ ግን እንጃ።"

አራጋው ማሽኑን ይዞ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሐጂ ኑሩ ጋ አስቀመጠውና ወደ ሆጤ ሄደ። ከራሱ ጋር የገባውን ውርርድ ተሸንፏል፤ ካልሆነልኝ እግሩ ላይ እወድቃለሁ ብሏል። እዚያ የሆነውን የነገሩኝ እትዬ ጦይባ ናቸው፤ ሰጋቱራ ሊወስዱ እንድሪስ ቤት ደፍ ላይ ነበሩ።

እንድሪስ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይሠራል። ባዲስ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ቁልፏን ያዞራል፣ ስኳድራውን ያያል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይነካታል፣ ይበቃል። አጠገቡ የዋንዛ ጣውላ ተደርድሯል። አይናገርም። "ከፍ" የሚለው የለም፣ "ዝቅ" የሚለው የለም። አራጋው ከደፉ ውጭ ቆመ። እትዬ ጦይባ ሊጠሩት አፋቸውን ሲከፍቱ በእጁ ዝም በሉ አላቸው።

"ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?" አሉት በሹክሹክታ።

"ምን ብዬ?" አለ። "ከሥር ልቀመጥልህ ልበለው? ከሥር የሚቀመጥ አያስፈልገውም እኮ።"

"ለማሽኑ ነው እንዴ የመጣኸው?"

አራጋው ቁልፏ ስትዞር ትንሽ አየና ሄደ። እንድሪስ አልዞረም። የሰማ ይሁን ያልሰማ እትዬ ጦይባም አያውቁም፤ "አንዴ ብቻ እጁ ቆም አለች፤ ከዚያ ሥራውን ቀጠለ" ነው ያሉኝ።

በነጋታው ትልቁ ማሽን ተመልሶ ጠረጴዛው ሥር ተንጠለጠለ። የቀሩት ሁለት በሮች ነበሩ፤ ስድስት ሊያስረክብ ነውና። ከግድግዳው ወዲያ ጉልበት መሬት ሲነካ ሰማሁ። ተነሳ። ዝም። ደግሞ ወረደ። "ከፍ" ማለቱን ትቷል። ያ ዝምታ ከሁሉም ባሰብኝ። መርፌዬን ሶፋው ላይ ሰካሁና ዞሬ ሄድኩ። ልርዳህ ብዬ ሦስት ወር ያልሄድኩትን አሥር እርምጃ ነው የሄድኩት።

እትዬ ጦይባ ደፉ ላይ ተቀምጠው ጆንያቸውን ይጠቀጥቃሉ። አራጋው ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

"አያ አራጋው" አልኩት፣ "እኔ ከሥር ልቀመጥልህ።"

ቪቱ መዞሩን አቆመ። "ሶፋህን ትተህ?" አለ ከሥር።

"ትቼ።"

"ቪቱን ወደየት እንደሚያዞሩት ታውቃለህ?"

"ታሳየኛለህ።"

ወጥቶ ቆመ። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ነበር። አየኝ፤ የተቆጣ ዓይን አልነበረም፣ የተደሰተም አልነበረም። ጉልበቱን አራገፈ፤ ልክ እንድሪስ በሄደ ቀን እንዳራገፈው። አሁን የእሱም ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሳስቷል።

"ተወው፣ ለምጄዋለሁ" አለኝ።

"ሁለት በር ነው የቀረህ፤ ለሁለት በር ብቻ።"

"ለምጄዋለሁ አልኩህ እኮ። ሄደህ ሥራህን ሥራ።"

ስኳድራውን አቆመ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተንበረከከና ገባ። ብዙ ቆየ። ወጣ። አየ። ደግሞ ገባ። ምን ላድርግ ብዬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

"እኔ እኮ መምጣት ነበረብኝ" አልኳቸው ለእትዬ ጦይባ። "መጀመሪያውኑ።"

"ነበረብህ" አሉኝ፣ ሳያባብሉኝ። "እሱም መጥራት ነበረበት።"

"አሁን መጣሁ እኮ፤ ምነው እንቢ አለኝ?"

አሮጊቷ የጆንያቸውን አፍ በገመድ አስረው፣ አንዴ ጠበቅ አድርገው፣ ወደ ጠረጴዛው አዩ። አራጋው እየወጣ ነበር። እስኪቆም ጠበቁት፤ እንደገና ጎንበስ ሲል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ መርዶ ነጋሪ እንጂ እንደ ተሳዳቢ ሳይሆኑ፣ "ሰው ሳይኖረው አለኝ ያለ፣ ብቻውን ላይ ታች አለ" አሉ።